ከይፋግ ኬላ እስከ ዘመኑ ኬላ ፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚከራከሩባቸው ሦስት ነገሮች

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ይፋግ ሄጄ ሳለሁ አጎቴ ከቤታቸው ደጃፍ አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፤ አንተ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ኮምፒዩተር ነው ይሉኛል። እንግዲያውስ የወረታ የሩዝ ዋጋ ስንት እንደ ዋለ እዚሁ ተቀምጬ የማውቅበትን ነገር አትሠራልኝም?» አሉኝ። እኔም ጥቂት እንኳ ሳላስብ «ይህማ ቀላል ነው፤ እርስዎ ብቻ ይጠብቁ» አልኋቸው።

የአጎቴ ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አልነበረም። የፎገራ ሜዳ ገበሬ ሩዙን ጭኖ ወረታ ከደረሰ በኋላ ዋጋው ወርዶ ቢያገኘው ጭኖ የመጣውን መልሶ ሊወስድ አይችልም፤ የጭነቱን ኪራይ አንድ ጊዜ ከፍሏልና። ስለዚህ ደላላው በቈረጠለት ዋጋ ሸጦ ይመለሳል። ዋጋውን ከቤቱ ሳይወጣ ቢያውቅ ኖሮ ግን ዛሬን ቈይቶ በሚቀጥለው ገበያ ይሸጥ ነበር።

ወደ ግቢ ተመልሼ ነገሩን ለሁለት የክፍል ጓደኞቼ ባጫወትኋቸው ጊዜ በደስታ ተቀበሉት። ይሁን እንጂ አንዲት መስመር እንኳ ሳንጽፍ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንከራከር ከረምን። የተከራከርንባቸውም ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፤ ፕሮግራሙን በምን መድረክ ላይ እንሥራው? ሁለተኛ፤ በየትኛው ብራውዘር ይከፈታል? ሦስተኛ፤ የአገልግሎቱን ዋጋ ማን ይከፍላል? በኋላ እንደ ተረዳሁት እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የእኛ ብቻ ሳይሆኑ በዓለም ያሉ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁሉ የሚጣሉባቸው ናቸው። ይህንንም ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ኮምፒዩተር የማይማረውም ወንድሜና እኅቴ ነገሩን እንዲረዱት ነው፤ ምክንያቱም ስልክ በእጁ የያዘ ሁሉ ከዚህ ክርክር ውጭ አይደለም።

፩. የጥንቱ ኬላ

ነገሩን ከቅርብ ቦታ እንጀምረው። ይፋግ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ ብዙም ልብ አይላትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በበጌምድር ስሟ የታወቀ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። ሲራራ ነጋዴው ሸቀጡን ለመሸጥ ገበያው ያስፈልገዋል፤ ወደ ገበያው ለመግባት በሩን ማለፍ አለበት፤ በሩን ለማለፍ ደግሞ ቀረጥ ይከፍላል። ገበያ፣ በርና ቀረጥ፤ እነዚህን ሦስቱን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

አራተኛም ነገር አለ። በዚያ ዘመን በገበያ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ከነበረው አንዱ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ይወጣል። ከተቈረጠበት ቦታ በራቀ ቍጥር በአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር የሚገኘው የአሞሌ ብዛት እያነሰ ይሄዳል። ጨውን የሚበላው ሰው አንድ ዓይነት ሰው ሲሆን የሚከፍለው ግን እንደ ርቀቱ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ፕሮግራም ጸሐፊ ከዚያ ሲራራ ነጋዴ ብዙ አይለይም። ፕላትፎርም ወይም መድረክ የሚባለው ገበያው ነው፤ ብራውዘሩ በሩ ነው፤ የአገልግሎት ዋጋው ቀረጡ ነው። አሞሌውን በተመለከተ ዶላር ስንደርስ እናገኘዋለን።

፪. በየትኛው ገበያ እንነግድ?

ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፤ ሌላ ሰው በሠራው ፕሮግራም ላይ ተደግፎ ይቆማል። በስልክ በኩል ሁለት ታላላቅ ገበያዎች አሉ። አንደኛው የጉግል አንድሮይድ ነው፤ ሁለተኛው የአፕል አይፎን ነው። በአገራችን ሰው እጅ በብዛት የሚታየው አንድሮይድ ነው። በዚህ ነገር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሦስት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ።

የመጀመሪያው ወገን «ለእያንዳንዱ ስልክ በራሱ ቋንቋ ጻፍ» ይላል። ለአንድሮይድ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ድጋፉን ያወጀለት ኮትሊን የሚባል ቋንቋ አለ፤ ለአይፎን ደግሞ አፕል በ2014 ያወጣው ስዊፍት አለ። እንዲህ የተሠራ አፕ ፈጣን ነው፤ የስልኩን ካሜራና ማከማቻ እንደ ልቡ ያዝዛል፤ መጠኑም አይከብድም። ጉዳቱ ግን አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ሁለት ቡድን ለሚቀጥር ድርጅት ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ተማሪዎች ግን ከፈተና ጋር አይዘልቁትም።

ሁለተኛው ወገን «አንድ ጊዜ ጻፍ፤ በሁለቱም ይሥራ» ይላል። ፌስቡክ በ2015 ያወጣው ሪአክት ኔቲቭና ጉግል በታኅሣሥ ወር 2018 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን ያወጣው ፍላተር ለዚህ የተሠሩ ናቸው። በርካታ የአገራችን ወጣት ፕሮግራመሮች ፍላተርን ይወዱታል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ አፕ ሊያወጣበት ይችላል። ነገር ግን በአንተና በስልኩ መካከል ሦስተኛ ሰው ገብቷል። ያ ሦስተኛ ሰው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ወይም ሥራውን ቢተወው አንተም አብረኸው ትወድቃለህ። አፕህም ይከብዳል፤ ማከማቻው ለሞላበት አሮጌ ስልክ ደግሞ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ሦስተኛው ወገን «ስልክ ሁሉ ብራውዘር አለው፤ ስለዚህ ለድረ ገጽ ጻፍ» ይላል። የዚህ ወገን ጠንካራ ማስረጃ ድሩ የማንም የግል ንብረት አለመሆኑ ነው። ቲም በርነርስ ሊ የፈጠረውን ድር ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም ሚያዝያ 30 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ያለ ምንም ክፍያ ለሰው ልጅ ሁሉ ለቀቀው። በድር ላይ ለመነገድ ማንም ፈቃድ አይሰጥም፤ ማንም አይከለክልም። ጉዳቱ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው። ለዚህም መድኃኒት የሚሆን ዘዴ ተገኝቷል፤ ብራውዘሩ ገጹን በስልኩ ውስጥ አስቀምጦ ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ እንዲከፍተው ማድረግ ይቻላል። አይፎንም ሳይቀር ይህን ከመጋቢት ወር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀብሎታል።

አንዳንዶች «በነፃ የተለቀቀ ነገር የረባ አይሆንም» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ስሕተት ነው። ፋይዳ የተባለው የአገራችን ብሔራዊ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በሚባል ማንም ከፍቶ ሊያነበውና ሊያሻሽለው በሚችል ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ይህም የተወለደው በሕንድ አገር በባንጋሎር በሚገኝ የትምህርት ተቋም ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ደግሞ የኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ሁለቱም ከትምህርት ቤት የወጡ መሆናቸውን ልብ እንበል። እኛም በትምህርት ቤት ነን።

፫. በሩን የያዘው ማነው?

ድሩ የማንም አይደለም ብያለሁ። ወደ ድሩ የሚያስገባው በር ግን ባለቤት አለው። ብራውዘር ማለት ከሩቅ ካለ ሰርቨር የተላከውን ጽሑፍ ተቀብሎ በስክሪን ላይ የሚስል ፕሮግራም ነው። ስማቸው ብዙ ይመስላል፤ ሞተራቸው ሲታይ ግን በዋነኛነት ሦስት ብቻ ነው። ክሮም ብሊንክ በሚባለው ይሠራል፤ ፋየርፎክስ ጌኮ አለው፤ የአፕል ሳፋሪ ዌብኪት አለው። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ጥሎ ወደ ክሮም ሞተር ዞረ፤ የማይክሮሶፍት ኤጅም በጥር ወር 2020 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አደረገ።

በዚህ ነገር አንዱ ወገን ይደሰታል። «ሁሉም አንድ ሞተር ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረን እንገላገላለን» ይላል። ሌላው ወገን ግን የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ታሪክ ያነሣል። ይህ የማይክሮሶፍት ብራውዘር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓለሙን ሁሉ ይዞ ነበር፤ ተወዳዳሪ ባጣ ጊዜ ግን ለዓመታት ሳይሻሻል ቆመ። ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ለእርሱ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም አሠርተው ታስረው ቀሩ። በመጨረሻ ሰኔ 15 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ራሱ በጡረታ አሰናበተው። በአይፎንም በኩል አፕል ማንኛውም ብራውዘር የራሱን ዌብኪት እንዲጠቀም ያስገድድ ነበር፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በወጣው ሕግ ምክንያት ከመጋቢት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላላ። በበኩሌ ሁለተኛው ወገን ትክክል ነው እላለሁ፤ አንድ ኬላ ብቻ ያለበት መንገድ ቀረጡን የሚወስነው ባለኬላው ነውና።

ለእኛ አገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም የዳታ ዋጋ ነው። ኦፔራ ሚኒ የሚባለው ትንሽ ብራውዘር ገጹን አስቀድሞ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ከፍቶ፣ ጨምቆና አቅልሎ ወደ ስልኩ ይልከዋል። በዚህም ብዙ ዳታ ይቈጥባል። ነገር ግን ገጹ ስልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ጃቫስክሪፕት እንደ ልቡ አይሠራም። ጓደኛዬ የሠራው የመጀመሪያው ገጽ በኮምፒዩተሩ እጅግ ያማረ ነበር፤ ቀለሙም ይንቀሳቀስ ነበር። በአንዲት ጎረቤታችን ኦፔራ ሚኒ በከፈትነው ጊዜ ግን ባዶ ነጭ ገጽ ወጣ፤ ዋጋው የሚመጣው ጃቫስክሪፕቱ ከሠራ በኋላ ነበርና። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዋናውን ጽሑፍ ከሰርቨሩ ተዘጋጅቶ እንዲመጣ ማድረግና ጌጡን በኋላ መጨመር ነው። ክሮምም ዳታ የሚቈጥብ ዘዴ ነበረው፤ ነገር ግን በመጋቢት ወር 2022 እ.ኤ.አ. አስቀረው። የጠየቀን ሰው አልነበረም።

፬. ፊደላችን ዋጋ ያስከፍላልን?

ከጓደኞቼ አንዱ «በአማርኛ ከጻፍነው ይከብዳል፤ በእንግሊዝኛ ይሁን» ብሎ ነበር። ይህን ጉዳይ በስሜት ሳይሆን በቍጥር መመርመር ይሻላል።

ቀድሞ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ ያው ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ሰነዱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይወጣ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በመስከረም ወር 1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ከተቀበለ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል። ዛሬ ማንኛውም ዘመናዊ ብራውዘር ያነበዋል። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር በዘመናዊ ብራውዘሮች ውስጥ ተካትቷል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው በጃቫስክሪፕት ቢጠይቀው ቀኑን በእኛ አቈጣጠር ይነግረዋል።

በድር ላይ በሚሠራበት የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «ሦስት እጥፍ ነው!» ይላል። ነገር ግን «ሰላም» የሚለው ቃል በእኛ ፊደል ሦስት ሆሄ ነው፤ በላቲን ሲጻፍ አምስት ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ዘጠኝ ባይት ለአምስት ባይት ነው፤ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። አሥራ ሁለት ሺህ ሆሄ ያለበት ረጅም ጽሑፍ ሠላሳ ስድስት ሺህ ባይት ያህል ነው። በስልክ የተነሣች አንዲት ፎቶግራፍ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ባይት ትበልጣለች። እንግዲህ ገጹን የሚያከብደው ፊደላችን አይደለም፤ ሳናስብ የምንደረድረው ሥዕልና ጌጥ ነው።

በአጭር የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው። አንዱ የእኛ ሆሄ ሁለት የላቲን ፊደል ያህል ሥራ ስለሚሠራ ልዩነቱ እንደሚመስለው የሰፋ አይደለም። አደጋው በላቲን በተጻፈ ረጅም መልእክት ውስጥ አንዲት የግዕዝ ሆሄ ስትገባ ነው፤ ያን ጊዜ መልእክቱ በሙሉ በ70 ይቈጠራልና ከአንድ ወደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይከፈላል፤ ዋጋውም እንዲሁ ይባዛል።

እውነተኛ በደል ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት አገልግሎቶች የሚያስከፍሉት ጽሑፉን ወደ ትንንሽ ቍራጭ ከፍለው በቍራጩ ብዛት ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቍራጭ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ አገልግሎቶች አንዲት የአማርኛ ሆሄ ብቻዋን እስከ ሦስት ቍራጭ ትሆናለች። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። አሞሌው ከበረሃው በራቀ ቍጥር እንደ ተወደደ ሁሉ፣ ይህም ከተሠራበት ቋንቋ በራቁ ቍጥር ይወደዳል። ይህን የሚያስተካክለው ለቋንቋችን ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሥራውንም ከእኛ በቀር የሚጀምርልን የለም።

፭. ቀረጡና አሞሌው

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ደርሰናል። ፕሮግራም ጸሐፊ ስንት ዓይነት ቀረጥ ይከፍላል?

በመጀመሪያ የመግቢያው ነው። በጉግል ገበያ አፕ ለማስቀመጥ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። በአፕል ገበያ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። ሁለተኛው የሽያጭ ድርሻ ነው። ሁለቱም ገበያዎች ለብዙ ዓመታት ከመቶ 30 ይወስዱ ነበር፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሁለቱም በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ላለው ገቢ ከመቶ 15 እንዲሆን አድርገዋል። ሦስተኛው የሰርቨር ኪራይ ነው፤ ይህ በየወሩ ይከፈላል።

እነዚህ ሁሉ በዶላር ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቈይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ የአፕል የዓመት ክፍያ ከ5,600 ብር ተነሥቶ ወደ 10,000 ብር ወጣ ማለት ነው። አፕል ዋጋውን አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ ለእኛ ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። የይፋጉ ነጋዴ ስለ አሞሌው ያማርር የነበረው ይህንኑ ነው። በዚያም ላይ ገንዘቡ ቢኖር እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ለተማሪ በቀላሉ አይገኝም።

ገንዘብ በመቀበል በኩል መንገዱ ተሻሽሏል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ኤምፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ተከተለ። እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ድረ ገጽን ከባንክ ጋር የሚያገናኝ አገልግሎት ይሰጣሉ። ስለዚህ ከደንበኛ በብር መቀበል ይቻላል፤ ችግሩ በብር ተቀብሎ በዶላር መክፈል ነው።

አንባቢ «በነፃ የሚሰጡ ሰርቨሮች አሉ አይደል?» ይለኝ ይሆናል። አዎን አሉ። እኛም በአንዱ ጀመርን። ሁለት ወር ያህል መልካም ሆኖ ሠራ። ከዚያም በኋላ አንድ ቀን ጠዋት «የነፃው አገልግሎት ተዘግቷል፤ ለመቀጠል ካርድ ያስገቡ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን፤ የሰበሰብነውን የሁለት ወር ዋጋ ለማውጣት የተሰጠን ጊዜ አጭር ነበርና ፈተና ላይ ስለ ነበርን አለፈብን። መዝገቡ ጠፋ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኛ ሆንን።

በዓለምም ይህ የተለመደ ነገር ነው። የጉግል ካርታ አገልግሎት በ2018 ዋጋውን በለወጠ ጊዜ በነፃ ይጠቀሙ የነበሩ ብዙዎች በድንገት ከፋዮች ሆኑ። ሄሮኩ የተባለው የሰርቨር አገልግሎት፣ ለዓመታት የተማሪ ሁሉ መጠለያ ሆኖ ሳለ፣ በኅዳር ወር 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነፃውን ክፍል ዘጋ። ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ደግሞ በመስከረም ወር 2023 እ.ኤ.አ. ጨዋታው በተጫነ ቍጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ አወጀ፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በአንድ ድምፅ ስለ ጮኹበት ከአንድ ዓመት በኋላ ሐሳቡን አነሣ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ነፃ አገልግሎት ስጦታ ሳይሆን ዱቤ ነው። ሆኖም ተጠቃሚዎች ከተባበሩ ዋጋ የሚያወጣውም ሰው ይሰማል።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንንም ሳንወቅስ ማለፍ የለብንም። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን በኮምፒዩተራችን ላይ ያለውን ሶፍትዌር በገንዘብ የገዛን? ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ፣ ክራክ የተደረገ ኦፊስ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ በመኝታ ቤቱ ሁሉ ይዞራል። ያው ተማሪ ተመርቆ ፕሮግራም በሠራ ጊዜ «የአገሬ ሰው ለሶፍትዌር አይከፍልም» ብሎ ያለቅሳል። ያስተማርነው እኛው ነን። ዋጋው ተወደደብን ማለት መብታችን ነው፤ ሥራ ዋጋ የለውም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። መግዛት ካልቻልን ሊኑክስንና ሊብረኦፊስን የመሰሉ በሕግ የተፈቀዱ ነፃ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል።

፮. በር ሲዘጋ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ኔትወርክ አለ ብለን ነው። እኛ ግን የምንጽፈው ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገር ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ከርሟል። በዚያን ጊዜ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት አፕ የያዘ ሰው የያዘው የብርጭቆ ቍራጭ ነበር። ስለዚህ ለእኛ «ኔትወርክ በሌለበት ይሠራልን?» የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም፤ ቋንቋውንና መድረኩን ከመምረጥ በፊት የሚነሣ ነው።

፯. ታዲያ ምን እናድርግ?

ክርክራችን እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። በገና ዕረፍት ወደ ይፋግ ሄጄ አጎቴን «ስልክዎን እስቲ ያሳዩኝ» አልኋቸው። ከኪሳቸው ያወጡት የቍልፍ ስልክ ነበር። አንድሮይድም አልነበረም፤ አይፎንም አልነበረም፤ ብራውዘርም አልነበረውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ መድረክ ስንጣላ ተጠቃሚው በምን እንደሚያየው አንዳችንም አልጠየቅንም ነበር። እውነቱን ለመናገር አፈርሁ።

ስለዚህ ሥራችንን እንደገና ጀመርን። በወረታ በሩዝ መፈልፈያ ቤት የምትሠራ የጓደኛዬ እኅት በየገበያው ቀን የኩንታሉን ዋጋ ትነግረናለች፤ እኛ በ70 ሆሄ ውስጥ በአማርኛ አሳጥረን ለአሥራ አንድ ገበሬዎች በአጭር መልእክት እንልካለን። መዝገቡን በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ እናስቀምጠዋለን፤ በሁለት ፍላሽም ይገለበጣል። ዋጋው በብር ነው፤ ከሻያችን ቀንሰን እንከፍለዋለን። ቀለል ያለች ድረ ገጽም አለችው፤ በኦፔራ ሚኒም ትከፈታለች። አፕ የለውም። ምናልባት አንድ ቀን ይኖረው ይሆናል።

ከዚህ ልምድ ተነሥቼ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ተማሪዎች አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ መድረክ ከመምረጣችን በፊት የተጠቃሚውን ስልክ በዓይናችን እንይ።

ሁለተኛ፤ የሰበሰብነው መረጃ ሁልጊዜ በእጃችን ግልባጭ ይኑረው። ገበያው የሰው ቢሆንም ሸቀጡ የእኛ ይሁን።

ሦስተኛ፤ አንድ ተማሪ ብቻውን የማይችለውን የሰርቨር ኪራይ ሃያ ተማሪ ቢያዋጣ ይችለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን? የተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሰርቨር ተከራይቶ ለአባላቱ ሥራ ቢያካፍል ብዙ የመመረቂያ ሥራዎች ከተመረቅን በኋላ እንደ ጠፉ አይቀሩም። ይህን ለሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ የሚደግፈኝ ካለ ስሙን ያስመዝግብ።

አራተኛ፤ የተማርነውን በአማርኛ እንጻፍ። ብዙ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከፕሮግራሙ ይልቅ የሚያሸንፈው እንግሊዝኛው ነው።

ይህን የማይስማማበት ሰው ይኖራል። በተለይ ስለ ብራውዘሩና ስለ ክራኩ የጻፍሁትን ለመቃወም የሚሻ ሰው በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ ደስ ይለኛል፤ ያለ ክርክር የበሰለ ነገር የለምና። አጎቴን በተመለከተ ግን ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። መልእክታችን ዋጋው መውረዱን ስለ ነገራቸው ሩዛቸውን ሳይጭኑ ቀሩ። «የዚህን ሳምንት የመኪና ኪራይ አተረፍሁ፤ ልጄ» አሉኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው «ለመሆኑ የሽንኩርቱንስ አትልኩም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በዚህ ጊዜ «ቀላል ነው» አላልኋቸውም።